አሥራ አንድ ሊትር

መንገዱ ባሕር ላይ ደርሶ በሚያልቅበት ጫፍ፣
በኬዮን ወደብ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፣
አንድ ፒካፕ ገባ፤ መረብና የዛጎል ጆንያ የጫነ፣
ሹፌሩ ሦስት ቀን ያልተኛ፣ ቅንድቡ ጨው የሆነ።
«ፉል አድርጊው» አለኝ፤ መሪው ላይ አሸለበ።
ቱቦውን ሰካሁት። ቆጣሪው ሮጠ።
ሲሞላ ጠቅ የሚለው፣ ያ ታማኝ ጥርስ፣
ዛሬ ጠቅ አላለም፤ እኔ መስታወት ሳብስ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ።
ቀጥሎ ጫማዬ ራሰ።
ከዚያ መብራቱ ሥር መሬቱ ቀለም አወጣ፤
ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ፣ የርግብ አንገት የመሰለ።
እንዲህ የሚያምር ነገር እዚህ ደግ ሆኖ አያውቅም።

ቀዩን ቁልፍ በመዳፌ መታሁት። ፓምፑ ሁሉ ዝም።
ሰውዬው ባነነ፤ እጁ ወደ ሞተሩ ቁልፍ ሄደ።
«እንዳታስነሳው! ላይተርህን ተው፣ ስልክህን ተው፣
ውረድና ግፋ!»
ገፋ። ገፋሁ። ጆንያው ውስጥ ዛጎሎቹ ተንገጫገጩ፣
ብርድ እንደመታው ሰው ጥርስ።

ፍሳሹ ግን እንደ ሌባ ዝቅ ብሎ
ተዳፋቱን ይፈልጋል።
ከፓምፕ ሁለት እስከ ቦዩ አፍ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤
ሥራ በሌለበት ሌሊት ቆጥሬዋለሁ።
ቦዩ ባሕር ነው፤ ባሕሩ የዛጎል እርሻ፤
እርሻው የዚህ ሰው ጆንያ፣ የልጆቹ ጉርሻ።
የጎማ ምንጣፉን ቦዩ ላይ ጣልኩ፤ አጠረ።
ጃኬቴን አውልቄ፣ ጠቅልዬ፣ ክፍተቱን ወተፍኩበት።
ከዚያ አሸዋ። ባልዲ፣ ሌላ ባልዲ፣
ከዳር ወደ መሃል፤
መሃሉን የሚያይ ዳሩ ያመልጠዋል።
ውሃ ድፉበት የሚል ሞኝ ነው፤ ውሃ እግር ይሰጠዋል።

«የፈሰሰ አይታፈስም» የሚል ካለ ይምጣና ይይ።
አፈስኩት። በአካፋ፣ በመጥረጊያ፣ ተንበርክኬ፤
ክዳን ያለው በርሜል እስከ አንገቱ ሞላ።
ዝናቡ ይኼኔ ወረደ። ስለዘገየ እግዜር ይስጠው።

ቀረ መዝገቡ።
ዶን ኡልዳሪሲዮ በስልክ፣ እንቅልፍ በአፉ፦
«ስንት ነው?»
«ቆጣሪው ካለው ላይ ታንኩ የሚይዘው ሲነሣ፣ አሥራ አንድ።»
«አሥራ አንድ ምን አላት? ጠርገሻል አይደል? በቃ ተኚ።»
ክፉ ሰው አይደለም። ልጄ የታመመች ጊዜ
የሐኪም ቤቱን ከኪሱ ከፍሏል።

ወደ ኋላ ገለጥኩ። አራት ዓመት ሙሉ፦
«ምንም የለም።» «ምንም የለም።» «ምንም የለም።»
አንድ ቀን ቁጭ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል።
ፓምፕ ሁለት ሥር ያለው ሲሚንቶ ግን ጥቁር ነው፣
እሱ ሌላ ይላል።
ከ«ምንም የለም»ዎቹ ውስጥ
የእኔም እጅ ጽሑፍ አለ።

ሳጥኗ ጠባብ ናት። እየተረፈኝ ወደ ኅዳጉ ጻፍኩ፦
«ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። ፓምፕ ሁለት። አሥራ አንድ ሊትር ቤንዚን።
የቱቦው መዝጊያ አልሠራም። በአሸዋ ታፍሷል።
ቦዩ ውስጥ አንድ ሲኒ ያህል ሳይገባ አልቀረም፤
ጎማው ሲያጥር አይቻለሁ።»
ይህችን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።
ኔሊዳ ኩሪኛንኮ፣ የሌሊት ፈረቃ።

ወደቡ ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ያነሣው ልጅ ነው፣ ድምፁ አዲስ፦
«እመቤቴ፣ ለአንድ ሲኒ ነው የደወሉት?»
«ለአንድ ሲኒ ነው። ጻፍልኝ።»
ዝም አለ። ዝናቡን ሰማሁ፤ በእሱም በኩል ይዘንባል።
ቆይቶ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

ሲነጋ ፒካፑ የለም። በሩ ላይ ግማሽ ጆንያ ዛጎል።
እጄን አሸተትኩ፤ ሦስት ጊዜ ታጥቤው ቤንዚን ይላል።
ዛጎሎቹን አሸተትኩ።
ባሕር ባሕር ይላሉ፤ እስካሁን።