ሚስማር

ሳንግሊ ገበያ፣ ከመጋዘኑ በር፣
ዳጋዱ ወዛደር ጫማ ሲያወልቅ ነበር።
አርባ ዓመት በጀርባው የእርድ ጆንያ አዝሎ፣
ሽበቱም ሳይነጣ ቢጫ ሆኖ በቅሎ።
ሚስቱ ታሾፋለች፦
«አንተ የታጠብክበት ውሃ ለወጥ ይሆናል!»

ያን ማታ ሚስማር አገኘ፣ ዝጎ፣
ሶሉን ቀዶ አልፎ፣ ሥጋው ውስጥ ሰርጎ።
ካልሲው ደም ጠጥቷል፤ እሱ ግን አልሰማም፤
ስኳር ከነገሠበት እግር ወሬ አይመጣም።

የልጅ ልጁ ምሩናል፣
ላቦራቶሪ ውስጥ አይጥ የምትመግበው፣
ቁስሉን እያጠበች ቀስ ብላ አለችው፦
«ደምህም እንደዚህ ሚስማር ይዝጋል፤
ስኳር ሲበዛበት ውስጥ ለውስጥ ይነዳል፣
ብልጭታው ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤
መጀመሪያ ነርቭን።»

«እኔን? ከእርድ ጋር ያረጀሁትን?
እርድ ዝገት ይገታል ብለሽኝ አልነበር?»

«በአይጦቼ አይቻለሁ፣ ዝገቱ ይዘገያል።
ግን አያቴ፣ አይጥ አይጥ ነው፤
ከምንበላው እርድ ወደ ደም የሚያልፈው
እፍኝ አይሞላም። የሰውን ገና እየቆጠርን ነው።»

ዝም አለ። ጆንያ ሲቆጥር የኖረ
«ገና» የሚል ሂሳብ ሰምቶ አያውቅም ነበረ።

ሐኪሙ ነገ ጣቱን ያያል፤ ይቆረጥ፣ ይቅር።
በእኔ ቋንቋ እርድ ቅመም ነው፣ ቢላም ነው፤
ዳጋዱ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ምሩናል ነጯን እንክብል መዳፉ ላይ አኖረች፤
አፉ እስክትደርስ
ቢጫ ሆነች።