የጭቃ ሹም ሹመት

ሐሙስ ማታ ወጣ፣ የሹም ሽሩ ዝርዝር፤
በአዛናው ጌም ቤት፣ ከባንኩ ደረጃ ሥር፣
ሰባት ሆነን ባንድ ስልክ ተደፍተን ስንማከር፣
ጣቴ ወደ ታች ወረደ፣ ከለመደው ሰፈር።
የለም።

እርከኑን እኛ ነን ስም ያወጣንለት፦
ላይኞቹን ራስ፣ ደጃች ቀጥሎ ያለበት፣
ፊታውራሪ መሐል፣ ግራዝማች ከታች ቤት፣
ከሁሉም ግርጌ ደግሞ ባላገር ያልንበት፤
የሠሩት ሰዎችማ ፊደል ብቻ ነበር የሰጡት።

ጭቃ ሹም ባላገር ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ እግሩ ደንቃራ፣
ፍጥነቱ ሃያ ሁለት፤ ቀንድ አውጣ የሚቀድመው በተራ፤
ማንም አይመርጠውም፣ ማንም ስሙን አይጠራ።
ሲሳቅበት ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወደድኩት፤
በክረምት፣ ቀሃ ሞልቶ፣ መብራት በጠፋበት፣
ባሥራ አንድ ፐርሰንት ባትሪ ጠባዩን አጠናሁት።

ሰዓት ገልብጥ የሚሉት አንድ ብልሃት ነበረው፤
ላምስት ዙር ዓለሙን ገልብጦ የሚያዞረው፦
ፈጣኑ ኋላ ቀርቶ ዘገምተኛው የሚቀድመው።
መብረቁ ገና ክንፉን ሳያነሣ
የኔ ጭቃ ተነሣ፤
ዘንዶው ሳይተነፍስ
ጭቃ ባፉ ሲፈስ።

ስህተቴ መናገር ነው።
አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በለስላሳ ተገዝቼ፣
ለጓዴ አሳየሁት፣ ደብተር ላይ ዘርግቼ፦
“ዱላውን ይቻል መጀመሪያ፤ ደሙ ሲጋመስ ገልብጥ።”
ጓዴ ለወንድሙ፣ ወንድሙ ለማራኪ ልጆች፤
ባንድ ወር ጎንደርን አልፎ፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣
ጭቃ የሌለው ቡድን ጠፋ። ጥፋቱ የራሴ።

ቆጣሪ አለ የማይታይ፣ ስንቱ እንደመረጠው የሚቆጥር፤
ብዙ የተጠራ ይሾማል፤ ያ ነው የሹመቱ ምሥጢር።
ሾሙት። ሦስት እርከን ዘሎ ደጃች ሆነ ባንድ ሌሊት፤
ጓዴ አቀፈኝ፤ አዛናው ሚሪንዳ ከፈተለት።
እኔ ብቻ ዝም አልኩ፤ የላዩን ቤት አውቃለሁና፦
በረዶ የሚያዘንብ አለ፣ ምሕረት የማያውቅ ደመና፣
ጭቃዬን ባንድ ምት የሚያደርቅ፣ ሰዓት ሳይገለብጥ ገና።
እታች ቤት አይመለስም፤ ለሹም ተዘግቷል በሩ፤
እላይ ቤት አይኖርም፤ ሾሙት እንጂ፣ ያው ነው እግሩ።
ሃያ ሁለት። አንዲት ቁጥር እንኳ አልጨመሩለት፤
የተለወጠበት ጎረቤት።

እሑድ ባንቻየሁ መጣች፣ ካዘዞ፣ በባጃጅ፣
ሽምብራ ቆሎ በኪሷ፣ የማትቸኩል ልጅ፣
በደጃች እርከን ስንቱን ወንድ የጣለች እጅ።
ስድስት ለስድስት። ከውጭ የግንቡ ዘበኛ ፊሽካ ነፋ፤
ሦስት ለሁለት መራች። ጭልፊቴ ደማ፣ ተስፋዬ ተደፋ፤
ጭቃ ሹምን አወጣሁ። ቤቱ ሳቀ።
“ሊገለብጥ ነው!” አለ ጓዴ። ክፉ ወዳጅ አይጥፋ።

ባንቻየሁ ሰማች፤ ቆሎዋን ማኘክ አቆመች፤
መብረቋን ወደ ኋላ ስባ ድንጋይ ጎታቿን ላከች፣
ሰዓቱ ሲገለበጥ እንዲቀድም፣ ዘገምተኛውን አቀረበች።
እኔ ግን አልገለበጥኩም።
ረግረግ ዘረጋሁ፤ ሁለት ዓመት ማንም ያላየው፣
ስልቹ ዐይን እያለፈው ከቁም ነገር ያልለየው።
ድንጋዩ በገዛ ክብደቱ ሰጠመ እስከ አንገቱ፤
መብረቁም ሲመለስ ተያዘ፣ ከነፍጥነቱ፤
የቀረውን ጭልፊቴ ለቀመ፣ ሳይወጣ እስትንፋሱ፣ ሳይደርስ ሰዓቱ።

ሲመሽ በጃንተከል ዋርካ ሥር ሳልፍ ሳቅ መጣብኝ፤
ለሹመት ደጅ በተጠናበት አገር፣ ሽረት አማረኝ።
ሻሩት፤ አዋርዱት፤
ስሙን እርሱት፣ አትጥሩት፤
ባላገር ቤት መልሱት።
አንድ ወር ማንም ባይነካው፣ ቆጣሪው ቢያንቀላፋ...

ስልኬ ጮኸ። ባንቻየሁ ናት።
“ያን ረግረግ ከየት አመጣኸው? ስሞክረው አመሸሁ፤
እኔም ጭቃ ሹም ይዣለሁ። ለአዘዞ ልጆችም አሳየሁ።”

ደጃች ነበር።
ራስ ሊያደርጉብኝ ነው።