ጠብ የሚል ነገር

ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ መጀመሪያው ቀላል፤
ስምሽን ሙዪ ይላል፣ ስልክሽን ሙዪ ይላል።
«የቤተሰብ ስም» ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ ቆምኩ፤
እኛ ቤት እሱ የለም፤ የአባቴን አስገብቼ ቀጠልኩ።
ፈትያ። ኑረዲን።

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ ዘጠነኛው ፎቅ፤
መስኮቱን ብከፍተው የባሕሩ ላብ ፊቴ ላይ ሊጣበቅ፣
ብዘጋው ማሽኑ እንደ አበዳሪ ሲጨቃጨቅ።
ታች በሕንጻው ጎን፣ ከየማሽኑ ወገብ፣
ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ይላል፦ ጠብ... ጠብ... ጠብ።
አላፊው አንገቱን ሰብሮ በጥግ በኩል ያልፋል፤
ግድግዳው ከሥሩ አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል።

«የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ግለጹ፤ ከሃምሳ ቃል አይብለጥ።»
ሽሪጃ በጣቷ ቆጠረች። አንድ ቃል በዛ፤ የቱ ይቆረጥ?
«ውድ» የሚለውን ሰረዝነው። ውሃው እንዲሁ ውሃ ሆነ።
ስድስት ሳምንት ጀሪካን ደቅነን ለክተናል፤
ከአንድ ማሽን በቀን አሥራ አራት ሊትር ይወጣል።
የዘበኛው ድመት የጠጣችው እንኳ አልቀረ፣
«ብክነት» ከሚለው ዓምድ ሥር ሰፈረ።

አጎቴ ከከሚሴ ይደውላል፤ ትምህርቴን ይጠይቃል፤
ስነግረው ዝም ብሎ ይቆይና፣
«እና... ጠብ የሚል ነገር አለው?» ይላል።
አለው እንጂ፣ አጎቴ፤
በሰዓት ስድስት መቶ ሚሊ ሊትር ግድም።

ገጽ ሰባት፣ በጀት። ማጣሪያ፣ ፓምፕ፣ የውሃ ምርመራ፤
ከሸፈኑልን አሥራ ሁለት ሺህ ድርሃም፣
ካልሸፈኑልን ያው ጀሪካን።
ከታች «የባለሙያ ክፍያ» የሚል ተራ።
ባለሙያው እዚያ ማዶ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል፣
ጉልበቱን በቪክስ አሽቶ፣ ካልሲውን አውልቆ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ከጣሪያ ጣሪያ ዞሯል፣
የሰው ክፍል ሲያበርድ እሱ ፀሐይ ላይ ደርቆ።
ቱቦው ሲደፈን በአፉ ነፍቶ ይከፍታል፤
ድምፅ ብቻ ሰምቶ «ይቺ ጋዝ ጎድሏታል» ይላል።
«የትምህርት ደረጃ» ይላል ሳጥኑ፤ ምርጫው ሦስት፦
ባችለር፣ ማስተርስ፣ ዶክትሬት።
«ሌላ» የሚል የለም።

ቀሰቀስኩት። «አባ፣ ሰዓትህን ስንት ልበለው?»
«የምን ሰዓት?»
«እኛን የረዳህበት።»
ተነስቶ ተቀመጠ። «ልጁን አስከፈለ ልታስብዪኝ ነው?»
ተቆጣ። ቀጥሎ ሳቀ።
ቀጥሎ ብዙ ዝም አለና፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ እየተኛ፣
«ዜሮ ብለሽ ጻፊ፤ ስሜን ግን እንዳትተዪ» አለኝ።

ገጽ ዘጠኝ። «ስፖንሰር» ይላል፤ ከጎኑ ክፍት መስመር።
እዚህ ለተወለደ ይህ ቃል አያጠራጥር፤
እኔ በአባቴ ቪዛ፣ አባቴ በኩባንያው፣
ኩባንያው በማን እንደሆነ እኔ አላውቀው።
እጄ ሳያማክረኝ «ኑረዲን» ብሎ ጻፈ።
ሽሪጃ ከት ብላ ሳቀች፦ «ጅል፣ ገንዘብ የሰጠ ድርጅት ካለ ማለታቸው ነው!»
ገባኝ። ጠቋሚው በስሙ ጫፍ ብልጭ፣ ድርግም፤
ለማጥፋት ሰባት ምት ነበር፣ ወይም ትንሽ ቢበዛ ስምንት።
«ይቆይ» አልኳት። «የተጠየቅነውን ነው የመለስነው።»

ዶክተር መሐ ፊርማዋን ከመኪና ውስጥ ላከች፣
ፎቶው ተንሻፎ፣ በጥጉ የመሪው ቁራጭ ገብቶ።
አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት።
ስድስት ላይ በሩ ይዘጋል።
«ላክ» አልን፤ ሁለታችንም፣ በአንድ ጣት።
ክቡ ዞረ። ዞረ። ቆሞ ያሰበ መሰለና ዞረ።
ማሽኑም እንደ ወጉ ራሱን አጠፋ፤
ክፍሉ ጸጥ ሲል የበረንዳው ጠብታ ጎላ፣
ጠብ... ጠብ... ወፈር እያለ፣ እየቀረበ።

አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፦
«ሞልቷል፤ ለውጪው» አለ።

ገጹ ገና እየዞረ
ባዶ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ።