ስም አውጪው

ስም የሚያወጣ መልአክ ነው፣ ይላል የሀገሬ ሰው፤
እኛ ቤት ግን መላኩ ነው፤ ባሌን ነው የምወቅሰው።

ሴቷን ገና በአራስ ቤት፣ እግሯን ስታወራጭ አይቶ፣
«እልልታ ትባል» አለ፣ የደስታ እንባው መጥቶ።
ይኸው አራት ዓመቷ፤ ስሟን ያለ ዕረፍት ትሠራለች፦
ካልሲዋ ሲጠፋ ታቀልጠዋለች፣
ሲገኝም ታቀልጠዋለች፣
ሌሊት በስምንት ሰዓት ለሽንቷ ስትነሣ
መነሣቷን ለሕንፃው ታበስራለች።

ወንዱን ደግሞ «ረድኤት» አለው፤
እርዳታ እንዳናጣ ብሎ ነው።
አላጣንም።
ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ፤ ሲረዳኝ ነው የሚውል፤
ስልኬን በሳሙና አጥቦ፣ የሩዝ ድስት ውስጥ ይጥል፤
ቴሌቪዥን ላይ የሚዋኘው ዓሣ እንዳይርበው ብሎ
ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይለጥፍበታል፤
«ረዳሁሽ!» ይላል ደግሞ፣
እስካመሰግነው ቆሞ።

ከታች ቤት ወይዘሮ ኦክሳና አሉ፤ ሰማንያን የተሻገሩ፤
መጥረጊያቸው ወለል አያውቅም፣ ሥራው ከኮርኒስ ጋራ፤
ዷ! ዷ! ሲያደርጉት፣ ከበሮ መስሏቸው
የኔዎቹ ይዘላሉ በተራ።

እንግዲህ ጥር ነው። ዊኒፔግ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
ሽፋሽፍት ከሽፋሽፍት የሚያጣብቅ ብርድ።
ትናንት ላወጣቸው ሞክሬ ነበር፦
ሱሪ በሱሪ ላይ፣ ካፖርት፣ ቡትስ፣ አራት ጓንት፤
አንዱን ሳለብስ አንዷ ስታወልቅ፣
አርባ ደቂቃ ፈጅቼ፣ ልክ በሩን ስከፍት፣
«እማዬ፣ ሽንት!»

ዛሬ «ውጭ የለም» አልኩ፤ ቆርጬ፣ ጨክኜ፤
ከልብስ ክምር ሥር ተቀመጥኩ፣ የቀዘቀዘ ሻዬን ተማምኜ።
አንድ ጉንጭ። ጸጥ።
ሁለተኛ ጉንጭ። አሁንም ጸጥ።
እንዴት ደስ ይላል፣ አልኩ፤ ሞኝ!
ልጅ ያለበት ቤት ጸጥ ካለ፣ የሆነ ነገር እያለቀ ነው፤
ወይ ቫዝሊኑ፣ ወይ ሳሙናው፣ ወይ የእናት ዕድሜ ነው።

ብድግ ከማለቴ በሩ ተንኳኳ።
ወይዘሮ ኦክሳና! በነጠላ ጫማ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣
መጥረጊያው በእጃቸው።
«ምን ሆኑ ልጆቹ?» አሉ። «ምንም አይሰማም!
ሃያ ደቂቃ ሙሉ!
ታመሙ?»

ተያይዘን ሮጥን ወደ መታጠቢያ ቤት።

እግዜር ያሳያችሁ።
አሥር ኪሎ ዱቄት ገንዳው ውስጥ ተዘርግፎ፤
እልልታ እስከ ቅንድቧ ነጭ፣ እጅጌዋ ወደ ላይ ታጥፎ፤
ረድኤት በኔ ቡትስ ውሃ ያመላልሳል፤
መሐል ላይ አንድ የሊጥ ሰው፣ ሆዱን ነፍቶ ተቀምጧል፤
አፍንጫው፣
ከማክሰኞ ጀምሮ ስፈልገው የከረምኩት
የመኪና ቁልፍ።

«ምንድነው ይሄ?»
እልልታ እንደ ዳኛ አየችኝ።
«ውጭ የለም አልሽ አይደል?
እኛ ካልወጣን ብለን፣ በረዶውን አስገባነው።»
«ረዳኋት» አለ ያኛው።

ልቆጣ አፌን ስከፍት ወይዘሮ ኦክሳና ቀደሙኝ፤
ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ፤
ጎንበስ ብለው ያንን መጥረጊያ
በሊጡ ሰውዬ ብብት ሻጡ፦
«መጥረጊያ ያልያዘ የበረዶ ሰው የት አለ?» ብለው።
ሳቄን ልውጠው ብል አነቀኝ።
ሊጥ ከገንዳ እንዴት እንደሚለቅ፣ እባካችሁ አትጠይቁኝ።

ማታ መላኩ ደወለ፣ የጭነት መኪናውን ሬጂና አቁሞ፤
«ለሦስተኛው ስም አገኘሁ» አለ፣ በገዛ ሐሳቡ ተደሞ።
አምስተኛ ወሬ ነው።
«ተወው፤ ቀደሙህ» አልኩት።
ልጅህ ሊጥ ባልለቀቀው ፀጉሯ፣
ጆሮዋን ሆዴ ላይ ለጥፋ ጠራችው፤
እሱም ረገጠ፣ አቤት እንደማለት፤
«ዱቄት!»