ያልተቀበረ እትብት

ሳስካቱን፣ ጥር። ምራቅ አየር ላይ ጠጥሮ ይወድቃል፤
ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሰባት ይላል።
በማሞቂያው ሣጥን ውስጥ፣ ከዜሮ በላይ ሠላሳ ሰባት፤
ልክ የሰው ገላ ሙቀት።

እኔ የሌሊት ሞግዚት ነኝ፤ ጓንት አጥልቄ የማጠባ
ከደም ሥር ግድግዳ ተፍቀው የመጡ ሕዋሳት፣
ስሟን ከማላውቃት ወላድ፣ ከልጇ እትብት።
ሌላው እትብት ይቀበራል፤ ይሄኛው ግን መሬት አጥቶ፣
ላስቲክ ሳህን ላይ ቤት ሠርቶ፣
በየሁለት ቀኑ «ራበኝ» ይለኛል፣ ቀይ መረቁ ገርጥቶ።

ሦስት ሳህን አሰለፍኩ።
ለአንዱ ስኳር በልኩ።
ለሁለተኛው ደፋሁለት፤
«በሞቴ» እንደሚል ደግ ሰው፣ ሞቱን ጠቅልዬ አጎረስኩት።
ለሦስተኛውም ያንኑ ያህል፤ ግን ጠብ አደረግኩበት
የበርች ዛፍ ጥቁር እከክ፣ ያን ከሰል መሳይ እንጉዳይ፣
ዴልበርት ከሰሜን አምጥቶልኝ፣ አፍልቼ ያጠለልኩት።

ዴልበርት የክሪ ሰው ነው፤ ማሽኖቻችንን ይጠግናል፤
ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ስኳር ወስዶበታል።
«አያቶቼ» አለኝ አንድ ምሽት «በዚህ እሳት ያጓጉዙ ነበር፤
ፍም አቅፎ፣ ሳይነድ ያድራል፣ ከሰፈር እስከ ሰፈር።»
እኔ «የጅብ ጥላ» እያልኩ በልጅነቴ የረገጥኩት ዘመዱ ነው፤
ዛሬ በሚሊግራም የምመዝነው።

በሁለተኛው ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ።
አንደኛው፦ አዲስ የተነጠፈ ኮብልስቶን፣ ጥግ ለጥግ የገጠመ።
ሁለተኛው፦ የፈረሰ መንገድ፤ ድንጋዩ ተነቅሎ፣ ክፍተቱ እያዛጋ፣
ጭስ የሌለው፣ ጣፋጭ እሳት የለበለበው።
ሦስተኛው…
እዚህም እዚያም ጎድሏል። ግን መንገድ ነው። ያስኬዳል።

እልል ልል አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት።
ሳህን ኩላሊት የለው፣ ሳህን እግር የለው፣
ሳህን ደረጃ ላይ አያነክስ።
ዴልበርት በሩ ላይ ቆሞ፦ «እህስ?»
«አንድ ሳህን ነው» አልኩት «ገና ደግመን እናያለን፤
እስከዚያ አፍልተህ እንዳትጠጣ።»
ሳቀ። ሸሚዙን ገለጠ፣ ሆዱን ቆነጠጠ፣
ኢንሱሊኑን ወጋ፤ መርፌውን ቆርቆሮው ውስጥ ጥሎ ወጣ።

ሳህኖቹን ወደ ሙቀታቸው መለስኩ።
የእትብቱ ባለቤት፣ ያ ልጅ፣ አሁን ስንት ዓመቱ ይሆን?
ይሄኔ የሆነ ቤት፣ እናቱ ሳታይ፣
ከረሜላ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ያንከባልላል፤
ቁራሹ እዚህ ቁጭ ብላ
ከስኳር ጋር ስትታገል እንደምታነጋ
ማን ነግሮት።