ሐሙስ ወንዝ እንሻገራለን

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሌሊት የምነቃ።
መቀስና መዶሻ ጥግ ጥጉን ይዘውታል፣
ስሜን ከነገደሉ አልጋዬ ሥር ገብቷል።

ጋሽ ምንተስኖት መጡ፣ ከምድር ቤት ተነሥተው፣
ሦስት ጊዜ ዐርፈው፣ ጉልበታቸውን ተቆጥተው።
«ይኸ ቧሂት ነው» አሉ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ፣
«ንፋሱ አያማክርም ኮፍያ ሲገፍፍ።»
ቀያሽ ነበሩ ድሮ። ሳንቃ በርን ከፍተው፣
ጨነቅ ላይ ጨንቋቸው፣ በብርድ ተኮማትረው፣
ሦስት እግር መሣሪያ ከብዶ በትከሻቸው፣
መሸሃ ወንዝ ድረስ እግር አድርሷቸው፣
ሁለት ቀን ጠበቁ። ውሃው አልጎደለም።
በሦስተኛው ማለዳ በስልቻው በሶ የለም።
ተመለሱ።
ማዶው ከዓይናቸው ግን አልተመለሰም።

ዝርዝሬ ሰባት ገጽ ነው።
በሶ፣ አራት ኪሎ። (ስድስት ይሻል ይሆን?)
ቆሎ፣ ጨው፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ መርፌ የሚሰፋልን።
ድንኳን፣ ያገለገለ፣ የተገዛ ከመርካቶ፣
አንዱ ዘንግ ተሰብሮ በቀርከሃ ተተክቶ።
የበቅሎ ኪራይ ግን ከበቅሎው ይከብዳል፣
ደመወዜ ቀድሞኝ ገደሉን ይወርዳል።
ትርንጎም አብራኝ ናት፣ ከወንበር ላይ ወጥታ
አምፖል ስትቀይር የምትጸልይ ላንድ አፍታ።
ሰባተኛው ገጽ ላይ «ፍርሃት» ብዬ ጽፌ፣
ኪሎውን ሳልሞላ ትቼዋለሁ አልፌ።

ልምምዱ ቀላል ነው። ውሃ ሐሙስ ሐሙስ
ብቻ ነው የሚመጣው፣ ያውም ምድር ቤት ድረስ።
ግፊቱ አቅም የለው፣ ዳገቱን ፈርቶ፣
ሃያ ሊትር ይወጣል በጀርባዬ ሞልቶ።
ሰባ ሁለት ደረጃ፣ አሥራ ሁለት ሜትር፤
(ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ አልተውም መቁጠር።)
ከመሸሃ እስከ ራሱ መቶ አርባ ምናምን
ጀሪካን ያህላል፤ ይዣለሁ ዘጠናን።
የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ድንቅነሽ፣
«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ውሃ የት አደረግሽ?»

ማታ በረንዳው ላይ የረር ይታየኛል፣
ከቆሙት ብረቶች ከክሬኑ ማዶ ያየኛል፦
«እኔን ሳትወጪ ነው ሩቅ የምትሄጂ?
ደጅሽ ቆሜ ሳለሁ ሌላ የምትወዳጂ?»
ለየረር መልስ የለኝ።
ለዚያኛውም ቢሆን።
ራስነቱን አመንኩ፣ ከፍታው መች ጠፋኝ፣
ደጀንነቱ ነው እስካሁን ያልገባኝ።

ትናንት እስክሪብቶውን ዘጉት።
«ጉልበቴን አየው ሐኪሙ» አሉና
ወደ ቧሂት ሳይሆን ወደ በሩ አዩና
ዝም አሉ።
እኔም ዝም።
ታች የአንድ ሚኒባስ ረዳት «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» ይላል፣
የሚሳፈር የለም።

«ጫማዬን ውሰጂ፣ ሁለት ካልሲ ደርበሽ፤
ይኸው ፊሽካዬንም፣ ጉም ድንገት ከዋጠሽ።
እኔ ካርታው ጋ ነኝ፣ አንዲት ባቄላ ይዤ፣
በየቀኑ ላራምዳት ባንቺ እግር ተጉዤ።»

እሑድ ሳንቃ በር ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤
ረቡዕ ነበር ወንዙ፣ በፊተኛው ቀመር።
ላጲስ አነሣሁኝ። አንድ ቀን ገፋሁት።
«ለምን?» አሉ። ጻፍኩ እንጂ አልመለስኩት፦
ሰኞ ሳንቃ በር፣ ማክሰኞ ግጭ ማደር፣
ረቡዕ ጨነቅ፣
ሐሙስ መሸሃን መሻገር።
(ለበቅሎው አንድ ቀን ይጨመር። ይጨመር።)

ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት፣ ጫማዎን አውልቄ
ድንጋይ ለድንጋይ ስል ውሃውን ሰንጥቄ፣
እዚህ ብሎካችን ሥር ቧንቧው ይጮኻላ!
ሳፋው ከወንበሩ ፊት እስከ አፉ ይሞላላ!
ሱሪዎን ጠቅልለው፣ ባቄላዋን ይዘው…

ቆዩ። ካርታውን አዩ። እጣታቸው ወንዙን ነካ፣ ተወው።
«ሳፋዬ ጠባብ ነው፣ አንድ እግር ነው 'ሚይዘው።»
«አንድ እግር ይበቃል፣
ሌላውን እኔ ልያዘው።»