አሥራ ሁለተኛው

ደብዳቤ የጻፈ፣ የጠራን ሰው የለም፤
«ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን» ከማለት አላለፈም፤
«ሦስተኛው ድንጋይ ጋ፣ ምሳ የያዘ ይምጣ፤
ዝናብ ከሆነማ ያው እንደ ሁልጊዜው፣ ዣንጥላ አይታጣ።»

ምን አለ እዚያ ቦታ? ምንም። ሜዳ ብቻ፣
ለምድርም ለሰማይም ያልሆነ ዳርቻ፤
ወይን ጠጅ አበባ የለበሰ አፈር፣
ጫማ የሚመጠምጥ፣ ሰው የሚያደናግር፤
ድንክ ፈረሶቹም ለነፋስ ጀርባ ሰጥተው
እንደ ባለዕዳ አቀርቅረው ቆመው።

ድንጋዮቹ ግን አሉ።
በየሠላሳ እርምጃ፣ ከረግረጉ ገብተው፣
የሦስት መቶ ዓመት ሽበት አብቅለው፣
በአንዱ ጎን «ቲ»፣ በአንዱ ጎን «ኤ» ብለው።
«ቲ» ማለት ቆርቆሮው የሚነጠርበት፣
«ኤ» ማለት የበግ ጠጉር የሚሸጥበት፤
ፖስተኛ በፈረስ፣ ነጋዴ ከነጓዙ፣
በሁለት ፊደል ነበር ሜዳውን የሚጓዙ።

ላቭዴይ ቀድማ ደርሳ፣ ወንበሯን ዘርግታ፣
የዝንጅብል ኬኳን ድንጋዩ ላይ ትታ፣
ከነፋሱ ጋራ ትጨቃጨቃለች፤
ፌስታሏ አምልጧት «ተመለስ!» ትላለች።
ጃጎ ሁለት ፔርሙዝ አነገበ፦ አንዱ ሻይ፣
ሌላው ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል፣ ደግሞም የላይኛው ከላይ።
ኬረንሳና ፔትሮክ መጡ በየመኪናቸው፤
ያምናው ቅዳሜ ግን አንድ ነበር መኪናቸው።
ማንም አልጠየቀ። ዳቦው ተቆረሰ፤
ውሻው በየእግሩ ሥር በእኩል አለቀሰ።

የሜሪን ትንሽ ልጅ ጣቱን ወደ ፊደሉ ቀስሮ
«የኛ ቤት የቱ ነው?» ቢል፣ ጃጎ አለው ዞሮ፦
«መሐል ነን። ለመሐል ፊደል አልቀረጹም፤
መሐል የሚኖሩ መንገድ አይጠይቁም።»
ሳቅን።

ያን ጊዜ ነው ጉሙ የመጣው።
ደጅ ቆሞ አላንኳኳ፤
ኮረብታውን ዋጠ ድምፅ ሳያሰማ እንኳ፣
ፈረሶቹን ዋጠ፣ ወንበሩን፣ መንገዱን፣
የላቭዴይን ቀይ ኮፍያ፣ የፔትሮክን ጺሙን።
ሳቃችን ሳል ሆነ፣ ሳሉም ዝም አለ።
መንገድ የማይጠይቀው ጃጎ
«እንቆጠር» አለ።

ስንመጣ አሥራ አንድ ነን፣ ውሻውን ሳንጨምር።
በዳበሳ ሄደ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ሲጨርስ፣ አሥራ ሁለት።
ደግሞ ቆጠረ። አሥራ ሁለት።
እኔ፣ አልዋሽም፣ የአንገቴ ጸጉር ቆመ።
አሥራ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ፣
ስሙን ቢጠይቁት የማይመልስ፤
የጃጎ ጣት ደረቱን ሲዳስስ
ስንጥቅ ውስጥ ገባ፦ አንድ ጋድም መስመር፣ አንድ ቁልቁል።
«ቲ» አለ። «እኛ ብንጠፋም፣ ይኼስ ያውቃል።»

ሻርፕ ከሻርፕ ቀጠልን፣ የውሻውን ገመድ፣
እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን ለመንገድ፤
የመጨረሻዋ ኬረንሳ ናት፦ ቀኟ ከድንጋዩ፣
ግራዋ ከፔትሮክ መዳፍ፣
ሌላ የቀረበ እጅ አልነበረማ።
ከፊት፣ ከነጩ ሆድ ውስጥ፣ የጃጎ ድምፅ ተሰማ፦
«አገኘሁት! ልቀቂ!»

ለቀቀች። ድንጋዩን።

ሰባት ጊዜ እንዲህ «ልቀቂ!» ተባለች፤
ሰባቴም በቀኟ ብቻ ታዘዘች።

ከአስፋልቱ ስንደርስ መኪኖቹ እንደተዉናቸው
ቆመዋል፤ ሁለቱም ገቡ በየመኪናቸው።
እንዲያ ነው እንግዲህ፤ ጉም ሁሉን አያስታርቅም።
ብቻ የሷ መኪና ሞተሩን ለማስነሳት ቆየ፣
የሱም አልቸኮለም።

«ኬኬ!» አለች ላቭዴይ፣ ራሷን ይዛ።
«ተዪው» አለ ጃጎ፣ ሁለተኛውን ፔርሙዝ እየከፈተ፣
«እሱስ ተቆጥሮ የለ፤
ድርሻው ነው።»